አፈሩ ይቅለላቸው የማይባልበት ለቅሶ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዱባይ ዴራ ውስጥ በአንድ የጨርቅ መሸጫ ሱቅ በገንዘብ ተቀባይነት ስሠራ አምስተኛ ዓመቴ ነው። የሱቁ ሒሳብ ሠራተኛ ፓትና ከሚባል ከተማ የመጣ ሂንዱ ነው። ሁላችንም ‹ብሃያ› እያልን እንጠራዋለን፤ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድም ማለት ነው። የታመምኩ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ፣ ደመወዜ በዘገየ ጊዜ ስለ እኔ የተናገረልኝ እሱ ነው። ባለፈው ወር በድንገት ወደ አገሩ ሄደ፤ የዓመት ፈቃድ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሱን ተላጭቶ መጣ። እኔም በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ‹ብሃያ፣ ሙቀቱ አስመረረህ እንዴ?› ብዬ ሳቅሁ። ፈገግ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ማታ ላይ አንዱ ሠራተኛ፣ አባቱ ሞተው እንደነበርና ሄዶ አቃጥሏቸው እንደመጣ ነገረኝ። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነኝ፤ ዓይኑን ማየት አቅቶኛል። ጊዜው አላለፈም ወይ? ምን ብዬ ላጽናናው? ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በእነሱ ቃል ባጽናናው ኃጢአት ይሆንብኛል? ደግሞስ ሰው ተመልሶ ይወለዳል ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ ሐዘናቸው እንደ እኛ ነው? ጥቁር ለብሼ፣ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ልሄድ ነበር፤ ጓደኛዬ ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ጠይቂ› አለችኝ።»

ዓይኑን ማየት ያቃታት፣ ከዴራ

ልጄ፣ ጓደኛሽን አመስግኚልኝ። ዶሮው ይቅር፤ ጥቁሩ ልብስም ይቅር። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። በቅድሚያ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር እናንሣ።

ሳታውቂ ሳቅሽ። ብሃያም ሳታውቂ እንደሳቅሽ የገባው ይመስለኛል፤ ፈገግ ብሎ ያለፈሽ ለዚያ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ዘጠኝ ቀን ነው። ካወቅሽ በኋላ ዝም ማለትሽ፣ በአጠገብሽ ሲያልፍ አንገትሽን መድፋትሽ ለእሱ ምን መስሎ እንደሚታየው አስቢው። አባቱን ያጣ ሰው፣ ሰው ለምን እንደሚሸሸው ቆሞ አይመረምርም። መሸሹ ብቻ ይታየዋል።

ጊዜው አላለፈም። እኛ አገር እንኳ ሩቅ የነበረ ሰው ወር ካለፈ በኋላ «ሳልሰማ ቀርቼ ነው» ብሎ ይደርሳል፤ ሐዘንተኛውም እንደ አዲስ አብሮት ያለቅሳል እንጂ «አሁን ምን ያደርጋል» አይለውም። በብሃያም ቤት ልጅ ለአባቱ የሚይዘው ሐዘን ዓመት የሚዞር ነው። ገና በመጀመሪያው ወር ላይ ነሽ።

ያንን ሦስት ሳምንት ምን ሲያደርግ እንደከረመ ብታውቂ፣ የምትናገሪው ቃል ራሱ የሚለወጥ ይመስለኛል። ልማዱ ከክፍለ አገር ክፍለ አገር፣ ከቤት ቤትም ይለያያል፤ እኔ የምነግርሽ በእሱ አካባቢ፣ በሰሜን ሕንድ፣ በብዙ ቤት የተለመደውን ነው።

በሂንዱዎች ዘንድ አስከሬን አይቆይም። ቢቻል በዕለቱ፣ ካልሆነም በማግስቱ ይሸኛል። ለአባት እሳቱን የሚለኩሰው ልጅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የበኩር ወንድ ልጅ፤ ዛሬ ዛሬ ሴት ልጆችም ሲለኩሱ ይታያል። ብሃያ በድንገት የጠፋባችሁ ለዚህ ይመስለኛል። አስከሬኑ ይታጠብና በነጭ ጨርቅ ይገነዛል። በአፉ የጋንጅስ ወንዝ ውኃ ጠብታና ቱልሲ የሚባለው የተቀደሰ ቅጠል ይደረግበታል፤ ቱልሲ የእኛ በሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚያ ወንዶቹ በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመው «ራም ናም ሳትያ ሄ» እያሉ ይወስዱታል፤ የአምላካቸው የራም ስም እውነት ነው ማለት ነው። ልጁ የተቆለለውን እንጨት ዞሮ እሳቱን በአባቱ አፍ በኩል ያስነካል። እስቲ አስቢው ልጄ። እኛ አፈር የምናለብሰው ብዙ ሆነን፣ ተራ በተራ ነው። እዚያ አንድ ልጅ፣ በራሱ እጅ፣ በአባቱ ፊት ላይ ነው።

«አቃጥሏቸው መጣ» ብሎ የነገረሽ ሰው ክፉ አልተናገረም፤ ግን ይህን ቃል ከአፍሽ አውጪው። በእኛ ቋንቋ ማቃጠል የጥፋት ድምፅ አለው፤ ቤት ይቃጠላል፣ እህል ይቃጠላል። ለእነሱ እሳት መሥዋዕትን ከሰው ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያደርስ ነው። ሥርዓቱም በጥንቱ የሳንስክሪት ቋንቋ «አንትዬሽቲ» ይባላል፤ የመጨረሻው መሥዋዕት ማለት ነው። አካል ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከእሳት፣ ከአየርና ከጠፈር የተሠራ ነው ብለው ያምናሉ፤ እሳቱ እያንዳንዱን ወደ ባለቤቱ ይመልሳል፤ ነፍስም ከለመደችው አካል ጋር ያላትን ትስስር ይፈታላታል። ስለዚህ በአማርኛ ማንሣት ካስፈለገሽ «ሸኛቸው» በይ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ይመለሳሉ፤ ታጥበው ይገባሉ። በሐዘኑ ቤት ምድጃ አይለኮስም፤ ምግብ የሚመጣው ከዘመድና ከጎረቤት ነው። ይህንንስ ከእኛ ቤት ታውቂዋለሽ። በሦስተኛው ቀን ግድም፣ አመዱ ሲበርድ፣ ልጁ ተመልሶ ከእሳት የተረፈውን አጥንት በእጁ ይለቅማል። ይህን አጥንት በሂንዲ የሚጠሩበት ቃል «ፉል» ነው። አበባ ማለት ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ለረጅም ሰዓት ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኝ ነበር፤ የአባቱን አጥንት አበባ ብሎ የሚለቅም ሕዝብ ስለ ሐዘን ምንም ልናስተምረው አንችልም። አበባው ለወንዝ ይሰጣል፤ ከሁሉም ወንዝ ለጋንጅስ። ፓትና ያለችውም በዚሁ በጋንጅስ ዳር ነው።

ቀጥሎ ያሉት ቀናት በልጁ ላይ ከባድ ናቸው። እሳቱን የለኮሰ ሰው በብዙ ቤት መሬት ላይ ይተኛል፤ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ያገለድማል፤ በቀን አንዴ ብቻ ይመገባል። ለአሥር ቀን ከሩዝ ወይም ከገብስ ዱቄት የተድቦለቦለ «ፒንዳ» የሚባል መባ ያቀርባል። ነፍስ መንገዷን የምትሄድበት አዲስ አካል በዚህ መባ ይሠራላታል ተብሎ ይታመናል፤ አባት ልጁን እንዳሳደገ፣ ልጅም ለአባቱ ነፍስ አካል ያበጃል። በአሥረኛው ቀን አካባቢ ራሱን ይላጫል። ከኋላ ትንሽ ቁንጮ ትተውለት ከሆነ እሱም የሥርዓቱ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ካህናትና ዘመድ ይመገባሉ፤ በብዙ ቤትም ሽማግሌዎች በተላጨው ራስ ላይ ጥምጥም ያስሩበታል፤ የቤቱ ኃላፊ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ ሲሉት ነው።

አንቺ ያየሽው ራስ ይህን ሁሉ አልፎ ነው ዴራ የደረሰው። ያ እጅ አሁን ከአንቺ አጠገብ ሒሳብ ይደምራል። መላጨት ደግሞ ለእኛም እንግዳ አልነበረም፤ አያቶቻችን የሞተባቸው ጊዜ ፀጉራቸውን ይላጩ፣ ፊታቸውንም ይነጩ ነበር። ረስተነው እንጂ የተላጨ ራስ በእኛም አገር «ምነው፣ ማን ሞተብህ?» የሚያሰኝ ምልክት ነበር።

ሰው ተመልሶ ይወለዳል ብለው ካመኑ ያዝናሉ ወይ ብለሻል። እውነት ነው፣ ነፍስ አትሞትም ብለው ያምናሉ። «አትማ» ይሏታል። ባጋቫድ ጊታ በተባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ፣ ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ ነፍስም ያረጀውን አካል ትታ ሌላ ትለብሳለች የሚል ቃል አለ፤ በሐዘን ቤት ብዙ ጊዜ የሚነበብ ነው። ሥራዋ፣ ካርማ የሚሉት፣ ይከተላታል፤ መወለድና መሞትም ይቀጥላል፤ ተስፋቸው አንድ ቀን ከዚህ አዙሪት መውጣት ነው፤ ሞክሻ ይሉታል። ቫራናሲ በምትባለው ከተማ የሞተ ሰው ይህን ነፃነት ያገኛል ስለሚሉ፣ ዕድሜያቸው ያለቀ ሰዎች ለመሞት ብለው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ በማኒካርኒካ የወንዝ ዳርቻ ያለው እሳትም ሌት ተቀን አይጠፋም።

ግን ልጄ፣ እኛስ ትንሣኤ አለ ብለን እናምን የለም? አምነን አላለቀስንም? አልዓዛርን ሊያስነሣው የመጣው ጌታ ራሱ በመቃብሩ መንገድ ላይ እንባውን አፍስሷል። ተመልሶ የሚወለደው ነፍስ የብሃያ አባት ሆኖ አይመለስም፤ ስልክ ደውሎ «በላህ ወይ?» የሚለው ያ ድምፅ ሄዷል። በካታ ኡፓኒሻድ፣ በጥንት መጽሐፋቸው፣ ናቺኬታ ስለሚባል ልጅ የተጻፈ ታሪክ አለ። አባቱ በንዴት «ለሞት ሰጥቼሃለሁ» ይለዋል፤ ልጁም ተነሥቶ ወደ ሞት አምላክ ወደ ያማ ቤት ይሄዳል። ያማ ሦስት ልመና ሲፈቅድለት፣ ከሞት በኋላ ምን አለ የሚለውን ታላቁን ጥያቄ ያስቀመጠው ለመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የለመነው የአባቱ ቁጣ እንዲበርድና ሲመለስ አባቱ እንዲያውቀው ነው። ይህን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው አባቱን ሲያጣ ምን እንደሚሰማው እኔ ላስረዳሽ አልችልም፤ አንቺ ግን ትገምቺዋለሽ።

አንዳንድ ቤት ጮክ ብሎ ማልቀስ አይወደድም። የቀሪዎቹ እንባ የሄደችውን ነፍስ ወደ ኋላ ይጎትታታል ይላሉና። በሌላ ቦታ ደግሞ፣ ለምሳሌ በደቡብ በታሚሎች ዘንድ፣ እንደ እኛ ሙሾ አውራጆች በግጥም የሚያለቅሱ ሴቶች አሉ። ብሃያ እንባ ካልታየበት፣ አላዘነም ብለሽ አትለፊው።

ወደ ቃሉ ልምጣ። በዚህ ላይ የምነግርሽ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ የሚያስተምረን ሕንዳዊ መምህር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ የሕንድ መምህራን ነበሩ። እናቱ አገር ቤት ሞታ መሄድ ሳይችል ቀረ። እኛ ተማሪዎቹ ነጠላችንን ለብሰን ቤቱ ሄድን፤ እኔ የክፍል አለቃ ስለነበርኩ ቀድሜ ገብቼ «አፈሩን ያቅልልላቸው» አልኩት። አማርኛ የሚችል ባልደረባው ተረጎመለት። መምህራችን ጥቂት ዝም አለና፣ እናቱ አፈር እንደሌላት፣ ያላት ወንዝ እንደሆነ በቀስታ ነገረን። አልተቆጣም። ነገር ግን ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ የነበረውን ብቸኝነት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ላጽናናው ሄጄ፣ ከቤቱ ምን ያህል እንደራቀ አስታወስኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ የእኛን የለቅሶ ቃላት ሁለት አድርጌ ነው የማያቸው። አንዱ ሟቹ የት እንዳረፈ ይናገራል፤ አፈሩ ይቅለላቸው፣ በአጸደ ገነት ያኑርልን፣ ከአብርሃም ከይስሐቅ ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። እነዚህ የእኛ ቤት ቃላት ናቸው፤ የእኛን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ይጣፍጣሉ። ሌላው ለቀሪው የሚነገር ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ መጽናናቱን ይስጥህ፣ ሌላ ሐዘን አያሰማህ። ይህኛው ድንበር አያግደውም። ለብሃያ ከዚህ ከሁለተኛው ቀድተሽ ስጪው። በሰላም ይረፉ የሚለውም ቢቀር ይሻላል፤ ነፍስ መንገደኛ ናት ብለው ስለሚያምኑ፣ ስለ ማረፍ መናገር ከእምነታችን ጋር አይሄድም የሚሉ ብዙ ሂንዱዎች አሉ።

በሂንዲ አንድ ነገር ማለት ከፈለግሽ እነሆ፤ «ብሃግዋን ኡንኪ አትማ ኮ ሻንቲ ዴ።» እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ሰላም ይስጥ ማለት ነው። ብሃግዋን በሂንዲ የፈጣሪ መጠሪያ ነው፤ ከእኛ «ነፍስ ይማር» ብዙም የራቀ አይደለም። ብዙዎች በአጭሩ «ኦም ሻንቲ» ይላሉ፤ ኦም ግን የጸሎታቸው ቅዱስ ድምፅ ስለሆነ፣ ኅሊናሽ ከከበደሽ እሱን ትተሽ ረጅሙን በይ። እሱም ከከበደሽ በምትግባቡበት ቋንቋ «በአባትህ አዝኛለሁ» ይበቃል።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ ካህን አይደለሁም፤ መባ በሚቀርብበት ሥርዓት ላይ ተካፋይ ስለመሆን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ማጽናናት ግን ሌላ ነው። ሐዋርያው «ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፥ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ሲል የሚያለቅሰው የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁ አላለም።

የማይባለውንም ልንገርሽ፤ ከሚባለው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ካርማ የሚለው ቃል ከአንደበትሽ እንዳይወጣ። «ተመልሰው ይወለዳሉ አይደል፣ አይዞህ» አትበዪው። በራሱ እምነት ሞቱን ልታስረጂው አትሞክሪ፤ እሱ ለራሱ ቢለው ያጽናናዋል፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ግን ሐዘኑን ማሳነስ ይመስላል። ስለ እሳቱም አትጠይቂ። ራሱ ከነገረሽ ስሚ።

ልብሱ ነጭ ነው፤ የሐዘን ቀለማቸው ነጭ ነው። ቤቱ ከሄድሽ ያለ ጌጥ ቀላል ነጭ ልበሺ፤ ነጠላሽ ከበቂ በላይ ነው። ዶሮውን የከለከልኩሽ በሐዘን ወራት በብዙ ቤት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ስለማይቀመስ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የሚተዉ አሉ። የጾም ሽሮአችን ይሆናል ብለሽ እንዳታስቢ፤ ያለ ሽንኩርት ምን ሽሮ አለ! በሌላ ሰው ቤት የበሰለ የማይቀምሱም አሉና ፍራፍሬ ይዘሽ ሂጂ። ሣጥን ጣፋጭ የደስታ ስጦታ ነው፤ እሱን ተዪው። ገንዘብ ሠራተኛው ሁሉ ለአውሮፕላን ትኬቱ ካዋጣለት መልካም ነው፤ አንቺ ለብቻሽ ፖስታ አትስጪው። አትጨብጪው፣ አትቀፊውም፤ ሁለት መዳፍሽን ደረትሽ ላይ አጋጥመሽ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ለሌሎች አንባቢዎቼ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሕንዳዊ ሁሉ ሂንዱ አይደለም። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሂንዱዎች 80 በመቶ ግድም ነበሩ፤ የቀሩት ሙስሊሞች፣ ክርስቲያኖች፣ ሲኮችና ሌሎች ናቸው። በኬረላ ግዛት ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር እህትማማች የሆነች ጥንታዊት ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በእነሱ ለቅሶ ላይ ደግሞ አፈር አለ፤ «አፈሩ ይቅለላቸው» ብትሉ ያምርባችኋል። ከመናገር በፊት ማወቅ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ዘንድሮ ብርሃናቸው የሚበዛበት የዲዋሊ በዓል ሲመጣ፣ ሌሎቹን እንኳን አደረሳችሁ ስትዪ በእሱ ፊት ዝግ በይ። ብዙ ቤተሰብ በሐዘኑ የመጀመሪያ ዓመት በዓል አያደምቅም። በእኛ መስከረም አካባቢ ደግሞ ለሙታን አባቶች የተለዩ አሥራ አምስት ቀን ያህል አሏቸው፤ ፒትሩ ፓክሻ ይባላሉ። በእነዚያ ቀናት ቀዝቀዝ ብሎ ብታዪው አትገረሚ። ሙት ዓመቱ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚወጣ በአውሮፓውያን ቀን መቁጠሪያ ቦታውን ይለውጣል፤ «መቼ ይውላል?» ብለሽ ብትጠይቂው ራሱ ይነግርሻል። ጥያቄው ብቻ እንኳ ብዙ ነው።

ነገ ሱቁ ሳይከፈት ቀደም ብለሽ ግቢ። በሰው ፊት ስለሳቅሽ በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቅ እንዳትዪ፤ ሐዘኑን እንደገና አደባባይ ማውጣት ይሆናል። ሻይ ይዘሽለት ወደ ክፍሉ ሂጂና «ብሃያ፣ ስለ አባትህ አልሰማሁም ነበር። ስለ ፀጉርህ የተናገርኩት ውስጤን በልቶታል፤ ይቅር በለኝ። እግዚአብሔር ያጽናህ» በዪው። ሳታስረዝሚ። ከዚያ «አባትህ ማን ይባሉ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስማቸውን አልሰማሽም ይሆናል። ስማቸውን ሲነግርሽ ደንበኛ በሩን ቢያንኳኳም ጥቂት ይቆይ፤ ተቀመጪ።